ጋቢናውን የመረግንበት ጥር

መኪና ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የምሠራው ማሽተት ነው። ሰላምታውም በር መዝጋቱም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ባለፈው ጥር የወንድሜ ልጅ በፒክአፑ ወደ ወረታ ሲወስደኝ፣ ገና ከመቀመጤ አፍንጫዬን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጌ ሳነፈንፍ አየና «አክስቴ፣ ምን ጠፋዎት?» ብሎ ሳቀብኝ። መስኮቱን ክፈት አልኩት። ብርድ ነው አለኝ። ክፈት አልኩህ አልኩት። የርብን ድልድይ እንዳለፍን መንገድ ዳር አውድማ ላይ ጓያ ይወቃ ነበር። ያ አቧራ አቧራ፣ ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታ በመስኮቱ ሲገባ፣ ሳላስበው ሁለቱን ጉልበቶቼን በሁለት እጄ ጨብጬ ተገኘሁ። ልጁ መሳቁን ተወ። ለእሱ አላብራራሁለትም፤ እዚህ ግን ላብራራ።

አባባ ሾፌር ነበር። ጊዜው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው፤ እኔ ስምንት ዓመቴ ይሆናል። ወረታ ያን ጊዜ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚገናኙባት፣ ከመኪናው አህያው የሚበዛባት ትንሽ ከተማ ነበረች። አባባ የሚነዳው ፒክአፕ የአንድ እህል ነጋዴ ንብረት ነበር። የሚያድረው ግን እኛ ደጅ ስለነበር የራሳችን መሆኑን ተጠራጥሬ አላውቅም። ሽታውንም ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፦ ጠዋት ቤንዚን፣ ቀትር ላይ የሞቀ ወንበር፣ ቆዳ የጫነ ቀን ጨውና ጠጉር፣ በገበያ ቀን ደግሞ ቅቤ። ዓይኔን ጨፍኜ ገብቼ የት ውሎ እንደመጣ ስናገር አባባ «ይህች ልጅ ከውሻ ተወልዳለች» ብሎ ይስቅብኝ ነበር። እማዬ በዚህ ቀልድ ትቆጣለች።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከበደ። ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው መኪናው ቁሐር ሚካኤል አጠገብ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ፣ ውሃው እስኪጎድል እዚያው ከረመ። በበሬ ተጎትቶ ሲወጣ ከታች ዝጎ ነበር። አባባ ሞተሩን ፈታትቶ፣ ጠራርጎ፣ ስንት ቀን ታግሎ አስነሳው። የተበላሸውን ወለል ለመሸፈን ሰሌን አነጠፈበትና ሥራውን ቀጠለ።

ጥር ሲገባ ጓያ መጫን ጀመረ። ጓያ ውሃ የተኛበት መሬት ላይ፣ ሌላው እህል እምቢ ባለበት የሚበቅል ነው፤ ብዙ ቤት በእሱ ሽሮ ክፉ ቀን አልፏል። ነገር ግን ሰው ይሰብራል። አብዝቶ የበላው ሰው እግሩ ይያዛል። የእኛ ሰው ግን ከመብላቱ ይልቅ ላቦቱን፣ ከእህሉ የሚነሳውን እንፋሎት፣ ነበር የሚፈራው። እማዬ ጓያ ስትቀቅል የድስቱን ክዳን የምትከፍተው ፊቷን አዙራ፣ እኔን በር ላይ አስቁማ ነው። ገለባው ላይ መተኛት ክልክል ነው። ላብ ያለበት ሰው በማሳው መካከል ካለፈ አለቀለት ይባላል። ላቦቱን በዓይኔ አይቼው ባላውቅም እጅ ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር። ዝቅ ብሎ ይመጣና ቁርጭምጭሚት ይይዛል።

ይህን ያስተማሩኝ ጎረቤታችን አያ ታከለ ናቸው። በሁለት ዱላ ይሄዳሉ፤ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ እግሮቻቸው እንደ መቀስ ይተላለፋሉ። አንድ ቀን ምን ሆነው እንደሆነ ስጠይቃቸው «የጓያ ክምር ላይ ተኛሁ ልጄ፤ ስነሳ እግሬ እዚያው ቀረ» አሉኝ። እኔ እንዳለ አመንኳቸው። እውነተኛ እግራቸው የሆነ ክምር ውስጥ ተቀምጧል፤ እነዚህ በምትኩ የተሰጧቸው ናቸው ብዬ ብዙ ጊዜ አዝኜላቸዋለሁ። ሄዶ የሚያመጣላቸው ዘመድ ማጣታቸው ይገርመኝ ነበር።

አባባ ጓያ መጫን በጀመረ በሳምንቱ ገደማ ከመኪናው ሲወርድ በሩን ይዞ ቆመ። ሌላ ጊዜ ዘሎ ነበር የሚወርደው። እኔ እንደ ልማዴ ሮጬ ጋቢናው ውስጥ ገባሁና አሸተትኩ። የማላውቀው ሽታ ነበር፤ የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ፣ ከስሩ ጥሬ ጓያ ያለበት፣ ጉሮሮ የሚይዝ። «የት ዋልኩ?» አለኝ አባባ፤ ለመሳቅ እየሞከረ። እንደገና አሸተትኩ። በማግስቱም በሩን ይዞ ቆመ። በሦስተኛው ቀን ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ በሱሪው ላይ ታየኝ። ራሴን ነው ያመመኝ ይላል፤ እራት ሲቀርብለት ይገፋል። እማዬ የአያ ታከለን ቤት አሻግራ ስታይ አየኋት።

ከዚያ ሽታውን ማሳደድ ያዝን። መጀመሪያ ወንበሩን አንስተን አንድ ነገር አገኘን፤ ከገበያተኛ ቅል ፈስሶ የከረመ ቅቤ ከነአቧራው ሻግቶ ተጋግሯል። ደስታችን ልክ አልነበረውም። በአመድና በፈላ ውሃ ፈግፍገን አጠብነው። የሻገተው ሽታ ሄደ፤ የተቃጠለው ግን በማግስቱ ተመለሰ። እማዬ ጤና አዳም ቆርጣ መስታወቱ ላይ ሰቀለች። ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥራ መሪው ላይ አሰረች። ከቁሐር ሚካኤል መምሬ ገብሩ መጥተው ከጎማ እስከ ጣሪያ ጠበል ረጩት፤ አባባንም ረጩት፤ በደንብ አድርገው እኔንም ረጩኝ። ሲጨርሱ ጋቢናው ውስጥ አንገታቸውን አስገብተው አሸተቱና ቶሎ አወጡት። «ይህስ ጸሎት ብቻ አይደለም የሚፈልገው» አሉ፤ ምን እንደሚፈልግ ግን አልነገሩንም።

መላ ያገኘችው እማዬ ናት። ወይም ያገኘች መስሏት ነበር። ከጋቢናው ጀርባ፣ ከጭነቱ በኩል ያለችው ትንሽ መስኮት መስታወቷ ከተሰበረ ቆይቷል። እማዬ ጓያው ተጭኖ ሳለ እዚያ ቀዳዳ ላይ እጇን ዘረጋችና፣ ሙቀት ተሰማኝ አለች።

«በዚህ ነው የሚገባ። ላቦቱ ኸጆንያው እየተነሳ በማጅራቱ ነው የሚገባበት።»

«እና ምን ይደረግ?» አላት አባባ።

«ጎታ ሲሰነጠቅ ምን እናደርጋለን? እንመርገዋለን።»

አባባ አፈረ። መኪና በእበት ተመርጎ ገበያ መሃል ሊነዳ ነው! ግን ፈርቶም ነበር፤ ፍርሃቱ ሐፍረቱን በለጠው። እኔ ከጎረቤት በረት ትኩስ እበት ሰበሰብኩ። እማዬ አመድና የጤፍ ጭድ ጨመረችበት፤ ሁለታችን እስከ ክንዳችን ነክረን አቦካነው። መስኮቷን እንጨት ረብርበን በእበቱ ደፈንናት። በበሮቹ ዙሪያ ነፋስ የሚገባበትን ስንጥቅ በጨርቅ ጠቀጠቅን። እጄ ትንሽ ስለሆነች የእማዬ ጣት የማይደርስበት ስንጥቅ ሁሉ የእኔ ድርሻ ነበር። በየጠዋቱ የተሰነጠቀውን እጠግናለሁ። አባባን ከጓያ ያዳንኩት እኔ መሆኔን ለልጆች ሁሉ ተናገርኩ። በሕይወቴ ያን ያህል ኮርቼ የሠራሁት ሥራ ያለ አይመስለኝም።

አባባ ግን ባሰበት። ያስመልሰው ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናውን ደጃችን አቁሞ ለረጅም ጊዜ ሳይወርድ ቀረ፤ ስሄድ መሪው ላይ ተደግፎ አገኘሁት። ጉንጩ ቀልቶ ጤነኛ ይመስላል። እግሩን መሬት ሲያስነካ ግን ታጠፈበት። አያ ታከለ ከደጃቸው ሆነው አዩት። ከሁለቱ ዱላቸው አንዱን አንስተው ወደ እሱ ዘረጉለት። አባባ አልተቀበላቸውም። እኔ እየሮጥኩ ገብቼ ከአልጋ ስር ተደበቅሁ፤ ያ ዱላ ወደ ቤታችን ሊመጣ ነው ብዬ ነበር የተደበቅሁት።

በማግስቱ ለአዲስ ዘመን ገበያ ጓያ ማድረስ ነበረበት። እማዬ ቅር አለች፤ ለመነችው። እሱ ደግሞ ይህችን ጭነት ካደረስኩ ጓያ በቃኝ እላለሁ አለ። እንቅልፍ እንዳይወስደው የሚያጫውተው ሰው ፈለገና እኔን ጠራኝ።

«እሷንም ልትሰብርብኝ ነው?» አለች እማዬ።

«ተመርጓል'ኮ። ራስሽ አይደለሽም የመረግሽው?»

እማዬ ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችኝና «መስኮት እንዳትከፍቱ፤ ላቦቱ ዞሮ እንዳይገባ» አለችን።

ጠዋቱ ብርድ ነበር። ሜዳው ላይ ጉም ተኝቷል። እኔ እግሮቼን ወንበር ላይ ሰቅዬ ቁርጭምጭሚቶቼን በጋቢው ጠቀለልኩ፤ ወለሉን አንዴም አላስነካኋቸውም። ስለ ላሞች አወራሁ፤ የጎረቤት ጥጃ ማን ተብሎ ስም እንደወጣለት አወራሁ። አባባ «እህ» ይላል። ቆይቶ ዝም አለ። እኔም ወሬ እየጠፋኝ መጣ። ግንባሬ ላይ የሆነ ነገር ይመታኛል፤ አፌ ውስጥ ምራቅ ሞላ። ላቦቱ እግር ሲያጣ በራስ ይጀምራል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ለአባባ ልነግረው ዞር ስል አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል፤ ዓይኖቹ ግማሽ ተከፍተዋል። ፊት ለፊታችን የርብ ድልድይ ብረት እየቀረበ ነው። ከብረቱ ጎን ደግሞ ገደሉ።

«አባባ!» አልኩ። አልሰማም። አባባ የለበሰውን ጋቢ በሁለት እጄ ይዤ በሙሉ ክብደቴ ወደ እኔ ጎተትኩት። መሪው አብሮት ዞረ፤ ነቃና ፍሬን ረገጠ። መኪናው መንገዱን ለቆ በአንድ ጎኑ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም።

ድልድዩ አጠገብ ገበያተኞች መኪና ይጠብቁ ነበር። ሮጠው መጥተው በሩን ከፈቱ፤ አባባን ሁለት ሰዎች ደግፈው ሊያቆሙት ሲሞክሩ እግሩ አልቆም አለ። አንዱ «በቃ፣ ጓያ ሰብሮታል» አለ። ሌላው ከንፈሩን መጠጠ። እኔ እያንገዳገደኝ ቆሜ የተጣጠፉትን የአባባን እግሮች አየሁና ገባኝ፤ እነዚህ የእሱ አይደሉም፤ የእሱ ጋቢናው ውስጥ ቀርተዋል። ማንም ሳይቀድመኝ ማምጣት አለብኝ። ተመልሼ ጋቢናው ውስጥ ገባሁና ወንበሩ ስር፣ ሰሌኑ ላይ፣ በእጄ መዳሰስ ጀመርኩ። እያለቀስኩ ነበር፤ ሽታው ዓይኔን ይፈጀዋል።

«አንች ልጅ! ወዴት ነው ደግሞ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«የአባባን እግር ላመጣ!»

ወገቤን ይዘው ወደ ውጭ የጎተቱኝ እመት ብርቄ ናቸው። ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከአባባ ጋር እስከ ጎንደር ይሄዳሉ። ከቅል አንድ ጣት ቅቤ አውጥተው ካሸተቱ ላሟ ምን እንደበላች፣ ናጩ እጁን ታጥቦ እንደሆነ ይናገራሉ ይባላል። አንዴ አባባ ቅላቸውን ከነጭ ጋዝ ጣሳ አጠገብ አስቀምጦባቸው ሙሉውን ቅቤ መልሰው ወደ ቤት ወስደውታል። እኔን ሲያወጡ አንገታቸው ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ነበር። እንደገና አስገቡት። አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ።

«ይህን ሞተር ዝም አሰኙት» አሉ። ቁልፉን አዙሬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

አባባን ሣር ላይ አስተኝተው እርጎ አጠጡት። አስመለሰው፤ ጥቂት ቆይቶም ሰው ለየ። እመት ብርቄ አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«ደሳለኝ፣ ይህ ሽታ መኪናው ሲቆምም አለ?»

«ሲቆም እንኳ ያን ያህል አይደለም እመት።»

«ጓያውስ?»

«ጓያው ሁልጊዜም አለ፤ ተጭኗላ።»

«እንግዲያ ጓያ አይደለም።»

ከሰዎቹ አንድ ገበሬ «እመት፣ ላቦት ነው'ኮ። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ነው ኸጆንያው የሚነሳ» አላቸው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ።

«እሽ። ቅቤ ይፈርዳል» አሉ እመት ብርቄ። ቅላቸውን ከፈቱ። ከመንገድ ዳር የጉሎ ቅጠል አስቆረጡና በጠዋቱ ብርድ ከጠጠረው ቅቤ አራት ቁራጭ አራት ቅጠል ላይ አደረጉ። አንዱን ከኋላ ጓያው ጆንያ ውስጥ ቀበሩት። ሁለተኛውን እኛ የመረግናት መስኮት ላይ ለጠፉት። ሦስተኛው ወንበሩ ላይ፣ አራተኛው አባባ እግሩን የሚያሳርፍበት ሰሌን ላይ ሆነ። ቅቤ ያደረበትን ሽታ ሁሉ ይጠጣል፤ ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት የእንጀራቸው ጉዳይ ነው። አባባ ተደግፎ ሄዶ ሞተሩን አስነሳና ወረደ፤ በሮቹ ተዘጉ። መኪናው እንደቆመ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ጥላችን ከእግራችን ስር እስኪሰበሰብ ድረስ ጠበቅን። ማንም መኪናው አጠገብ አልቆመም። እኔ የአባባን እግሮች አቅፌ ተቀምጫለሁ፤ እየተንቀጠቀጡ ነበር፤ የእሱ ይሁኑ አይሁኑ እርግጠኛ አልነበርኩም።

በሩ ሲከፈት ግራጫ ነገር ወጣ። እመት ብርቄ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ቅጠሎቹን አመጡና አንድ በአንድ አሸተቱ። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ፤ ለምን እኔን እንደመረጡ አላውቅም። የጆንያው ቅቤ አቧራና ጥሬ ጓያ ብቻ ይሸታል። የመስኮቷ ቅቤ መጀመሪያ እበት፣ ከዚያም ትንሽ ጭስ። የወንበሩ ጭስ። የወለሉ ቀልጦ ጠቁሯል፤ ገና ሳላስጠጋው አስነጠሰኝ።

«ኸታች ነው» አልኩ።

እመት ብርቄ ሰሌኑን ገለበጡት። የዛገው ወለል መዳፌን የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው። አባባ በሆዱ ተኝቶ ከስር አየ። የሞተሩን ጭስ ወደ ኋላ የሚያወጣው ማርሚታ ተሰብሮ፣ አፉ ቀጥ ብሎ ወደ ቀዳዳው ዞሯል። ስንት ቀን ሙሉ ጭሱን ሲተነፍስ ኖሯል።

እመት ብርቄ የተመረገችውን መስኮት በጣታቸው መቱ። «ይህች ክፍት ብትሆን ትንሽም ቢሆን ታስወጣለት ነበር። ማን ደፈናት?»

«እኔ» አልኩ።

እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ጓያን ስፈራ የምፈራው ከእኔ ውጭ ያለ ነገር ነበር። አሁን ግን በየጠዋቱ በትንሿ ጣቴ የጠቀጠቅሁት እያንዳንዱ ስንጥቅ ታሰበኝ። ሰዎቹ ሁሉ እጄን የሚያዩ መሰለኝና ጋቢው ውስጥ ደበቅሁት። እመት ብርቄ አልተቆጡኝም። «ነይ፣ እንግዲያ አብረን እናፍርሰው» አሉኝ። በጥፍሬ ፈረፈርኩት፤ ጨርቁን አንድም ሳላስቀር መዘዝኩት። አባባ ከገበሬው ያገኘውን የዘይት ቆርቆሮ ቀዶ ማርሚታው ላይ በሽቦ ጠመጠመ፤ በላዩ ሸክላ ጭቃ ለጠፈበት፤ ወለሉን በጣውላ ሸፈነ። ኋላ ጎንደር ላይ በብየዳ ተሠራ። ያን ቀን ግን ወደ ገበያው መቀጠሉን ትተን፣ ሰዎቹ መኪናውን ከቦዩ ገፍተው ሲያወጡልን፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን በነፋሱ እየተንቀጠቀጥን ወደ ወረታ ተመለስን። በመንገዱ ሁሉ ዓይኔን ከአባባ ላይ አላነሳሁም። 

እማዬ ደጅ ቆማ ትጠብቅ ነበር። መጀመሪያ ያየችው መስኮቷን ነው።

«ማነው ያፈረሰው?» ብላ ጮኸች።

አባባ ሞተሩን አጥፍቶ የሆነውን ነገራት፤ ማርሚታውን፣ ቀዳዳውን፣ ቅቤውን። የምርጊቱን ነገር ዘለለው። ዘሎ ሊያልፈው እንደሆነ ገባኝ፤ እኔ ግን መሸከም አልቻልኩም።

«ያፈንነው እኛ ነን እማዬ። ጭሱ በመስኮቷ ይወጣ ነበር።»

እማዬ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ውሃው እንስራ ሄዳ መታጠብ ጀመረች። አጥባ ትጨርሳለች፤ እንደገና ትጀምራለች። እኔም ሄጄ አጠገቧ እጄን ዘረጋሁ። ሁለታችንም ማቆም አቃተን።

በቤታችን ውሃ የማስታጥበው እኔ ነኝ፤ ታናሽ ነኝና። አባወራ ለሚስቱና ለልጁ ውሃ ሲያፈስ አይቼ አላውቅም። አባባ ግን ከመኪናው ወረደና፣ በሩን ሳይዝ፣ ግቢውን አቋርጦ መጣ። ጣሳውን ከእማዬ እጅ ወሰደ። ከእንስራው ቀዳ፤ መጀመሪያ በእሷ እጅ ላይ፣ ከዚያ በእኔ ላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። «ይበቃችኋል፤ ነጽቷል» አለ። እማዬ ያኔ አለቀሰች። እኔ ግን እጄን አላየሁም፤ ጎንበስ ብዬ እግሮቹን ነበር የማየው። ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ቀጥ ብለው ቆሙ።